«ሐምሌ ከመደበኛ በታች ነው» ሲባል፦ ከጅማና ከዙሪያዋ የተነሡ የአድማጮች ጥያቄዎችና መልሶች

ከሰርቦ አንድ አባት፦ «የሐምሌ ዝናብ ከመደበኛ በታች ነው ሲባል ሰማሁ። እኛ ዘንድ ግን ጭቃው እግር አያስነሣም። የቱን ልመን?»

ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፣ አባቴ። «መደበኛ» የሚባለው የ30 ዓመት መዝገብ ነው። አሁን በሥራ ላይ ያለው እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2020 የተያዘው ነው። የጅማ አማካይ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት በየወሩ 200 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ የዓመቱ ድምር ደግሞ 1,500 አካባቢ ይደርሳል። እንግዲህ ለማስረዳት ያህል በወሩ 140 ሚሊ ሜትር ዘነበ እንበል። ይህ የአማካዩ 70 በመቶ ስለሆነ «ከመደበኛ በታች» ይባላል። ነገር ግን 140 ሚሊ ሜትር ማለት በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር መሬት ላይ 140 ሊትር ውሃ ወረደ ማለት ነው። ውሃ በማያሳልፍ ሜዳ ላይ ይህ ለጭቃ ይበቃል፤ ይተርፋልም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደናግር ነገር አለ። ወሩ ካለፈ በኋላ በሚወጣው መግለጫ ከአማካዩ ከ75 እስከ 125 በመቶ ያለው «መደበኛ» ይባላል፤ ከ75 በታች ሲሆን «ከመደበኛ በታች» ነው። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት የሚነገረው ትንበያ ግን ሌላ መለኪያ አለው። የ30ውን ዓመት ዝናብ ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድረው በሦስት ይከፍሉታል፤ ዝቅተኞቹ 10 ዓመታት «ከመደበኛ በታች»፣ መካከለኞቹ 10 «መደበኛ»፣ ከፍተኞቹ 10 «ከመደበኛ በላይ» ይባላሉ። በዚህኛው አከፋፈል ከሦስት ዓመት አንዱ ከመደበኛ በታች መሆኑ የስሌቱ ባሕርይ ነው፤ ድርቅ መጣ ማለት አይደለም። ስለዚህ ቃሉን ሲሰሙ ያለፈው ወር መግለጫ ነው ወይስ የሚመጣው ትንበያ የሚለውን ይለዩ።

ከቦሳ ቂጦ አንድ መምህር፦ «በማስታወሻዬ የያዝኩት የሐምሌ ዝናብ ከተነገረው ጋር በፍጹም አይገጥምም። የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያው ይሳሳታል?»

ጣቢያውን ከመጠርጠርዎ በፊት የቀን አቆጣጠሩን ይመልከቱ። የሚቲዎሮሎጂ መዝገብ የሚያዘው በፈረንጆች ወር ነው። ጁላይ የሚባለው ከሰኔ 24 እስከ ሐምሌ 24 ያለው ነው። የእኛ ሐምሌ ደግሞ ከጁላይ 8 እስከ ኦገስት 6 ይሄዳል። ሐምሌ 26 ቀን ዶፍ ቢወርድ እርስዎ በሐምሌ ይጽፉታል፤ መዝገቡ ግን በኦገስት ይቆጥረዋል። በክረምት አንድ ዶፍ ብቻ 40 እና 50 ሚሊ ሜትር ሊያወርድ ስለሚችል፣ የአንድ ቀን መንሸራተት የወሩን ድምር ሩብ ያህል ያዛባል። ቁጥርዎን ከሰኔ 24 ጀምረው እንደገና ይደምሩት።

በየአሥር ቀኑ ከሚወጣው መግለጫ ጋር ለማስተያየትም ያው ነው። የጁላይ የመጀመሪያው አሥር ቀን ከሰኔ 24 እስከ ሐምሌ 3፣ ሁለተኛው ከሐምሌ 4 እስከ 13፣ ሦስተኛው ከሐምሌ 14 እስከ 24 ነው።

ይህን አስተካክለውም ልዩነት ቢቀር አይደነቁ። የክረምት ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሰፈር ይመርጣል፤ ጅሬን ላይ ሲያወርድ መርካቶ ላይ ፀሐይ ሊሆን ይችላል። ጣቢያው የሚለካው የቆመበትን ቦታ ነው።

ከአጋሮ አንዲት እህት፦ «በግቢዬ ራሴ መለካት እፈልጋለሁ። መሣሪያ መግዛት ግን አልችልም።»

መግዛት አያስፈልግዎትም። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ፣ አፉ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጣሳ ይበቃል። አፉና ታቹ እኩል ስለሆነ፣ በማስመሪያ የለኩት የውሃ ጥልቀት ራሱ የዝናቡ መጠን ነው፦ 12 ሚሊ ሜትር ውሃ ማለት 12 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት ነው። ማስመሪያው ግን ዜሮው ጫፉ ላይ የሚጀምር ይሁን። ብዙዎቹ ጫፋቸው ላይ ጥቂት ባዶ ቦታ አላቸው፤ ያ ባዶ ቦታ በየቀኑ የ4 ወይም የ5 ሚሊ ሜትር ስሕተት ያመጣል።

ጥቃቅን ዝናብን በማስመሪያ መለየት ይከብዳል። የበለጠ ትክክል ከፈለጉ ውሃውን በመርፌ ሲሪንጅ ይስፈሩት። የጣሳው አፍ 16 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ስፋቱ 201 ካሬ ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ 20 ሚሊ ሊትር ውሃ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ፣ 100 ሚሊ ሊትር ደግሞ 5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ለሌላ ስፋት የውሃውን ሚሊ ሊትር በ10 አባዝተው በአፉ ስፋት (በካሬ ሳንቲ ሜትር) ያካፍሉ። በዚህ መንገድ ከለኩ የጣሳው ግድግዳ ቀጥ ባይልም ችግር የለውም፤ ወሳኙ አፉ ብቻ ነው።

ቦታው ከዕቃው ይበልጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ጣሳውን ከቆርቆሮ ጣራ ጠርዝ፣ ከአሸንዳ፣ ከቡናና ከእንሰት ቅጠል ያርቁት፤ የቅጠል ጠብታ ዝናቡ ካቆመ በኋላም ይቀጥላል። ከጎኑ ያለው ቤት ወይም ዛፍ ከጣሳው አፍ በላይ 4 ሜትር ቢረዝም ቢያንስ 8 ሜትር ይራቁ። በ1 ሜትር ገደማ ግንድ ላይ በሽቦ አስረው አፉን አግድም ያድርጉት። መሬት ላይ ካስቀመጡት ከአፈሩ የሚፈናጠረው ውሃ ይገባበታል።

የሚለኩበት ሰዓት ሁልጊዜ ጠዋት 3 ሰዓት ይሁን፤ ጣቢያዎችም የ24 ሰዓቱን ዝናብ የሚያነቡት በዚያ ሰዓት ነው። ለክተው ይድፉት። ዝናብ ባልነበረበት ቀን «0» ይጻፉ፤ ሳይለኩ ባለፉበት ቀን ደግሞ ሰረዝ ያድርጉ። እነዚህ ሁለቱ ከተቀላቀሉ የወሩ ድምር ዋጋ የለውም። ሁለት ቀን ሳይለኩ ቢያልፉና ውሃው ቢጠራቀም፣ ድምሩን «የሦስት ቀን» ብለው ይመዝግቡት እንጂ በግምት አይክፈሉት።

ከሰቃ ጨቆርሳ አንድ ገበሬ፦ «ሐምሌ ዝናቡ ካነሰ በቆሎዬ ይጎዳል?»

የወሩን ድምር ለብቻው አይፍሩት። በደመናማ የክረምት ቀን ለምለም በቆሎ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ ይጠጣል። 140 ሚሊ ሜትር ለ31 ቀን ቢካፈል በቀን 4.5 ይሆናል። በእኩል ከተከፋፈለ በቆሎው ሊችለው ይችላል። ያው 140 በሦስት ዶፍ ወርዶ በመሃል 12 ቀን ጠፍ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፤ አብዛኛው በጎርፍ ይሄዳል፣ ሥሩም ይደርቅበታል። ዋናው ጊዜ አበባ የሚያወጣበትና ጸጉር የሚጥልበት፣ ከፊትና ከኋላው ያሉት ሁለት ሳምንታት ናቸው። በዚያ ጊዜ የተጠማ በቆሎ ፍሬው ይጎድላል፤ በኋላ የሚመጣ ዝናብ አይመልሰውም።

ስለዚህ ከድምሩ ጎን ሁለት ነገር ይያዙ፦ 1 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የዘነበባቸው ቀናት ስንት ናቸው፣ ረጅሙ ያልዘነበበት ተከታታይ ጊዜስ ስንት ቀን ነው? ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ቆፍረው አፈሩን በእጅዎ ይጨብጡት። ተጣብቆ ቅርጹን ከያዘ እርጥበት አለ፤ ከተበተነ አልቋል።

ከጂንጆ አንዲት እናት፦ «ዘንድሮ ሐምሌ ብርዱ በዛ። የአየር ንብረቱ ተለውጦ ነው?»

በአንድ ወር ብርድ የአየር ንብረት አይመዘንም፣ እናቴ። ሐምሌ በጅማ ቀኑ የሚቀዘቅዝበት ወር ነው፤ የቀን ከፍተኛው ሙቀት በአማካይ 24 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን፣ በየካቲትና በመጋቢት ከዚያ 3 እና 4 ዲግሪ ይበልጣል። ምክንያቱ ደመና ነው። ፀሐይዋማ በነሐሴ መጨረሻ በጅማ አናት ላይ ታልፋለች፤ ጨረሯን የሚከልላት ዳመናው ነው። ሌሊት ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፦ ያው ደመና የመሬቱን ሙቀት ስለሚይዝ የሐምሌ ሌሊት ከታኅሣሥ ሌሊት ይሞቃል። ስለዚህ ብርዱን ሲያወዳድሩ የቀኑን ለብቻ፣ የሌሊቱን ለብቻ ያድርጉት። ሁለቱ አንድ ላይ ሲደመሩ የቀኑ ቅዝቃዜና የሌሊቱ ሙቀት ይጣፋሉና ወሩ ልክ እንደወትሮው ይመስላል። በስልክ ላይ የሚታየው የሙቀት ቁጥርም በስሌት የተገመተ ስለሆነ ከጣቢያ መዝገብ ጋር አያነጻጽሩት።

ስሙን ያልጠቀሰ አድማጭ፦ «ኤልኒኖ ከመጣ ጅማም ትደርቃለች?»

ኤልኒኖ ማለት በምድር ወገብ አካባቢ ያለው የፓስፊክ ውቅያኖስ ውሃ ከወትሮው መሞቅ ነው፤ የአገራችንን ክረምት ብዙ ጊዜ ያሳንሳል። ኤልኒኖ በነበረበት በ2007 ክረምት እጅግ የተጎዱት ግን የሰሜኑና የምሥራቁ አካባቢዎች ናቸው። ደቡብ ምዕራቡ ከየካቲትና መጋቢት ጀምሮ እስከ መስከረምና ጥቅምት የሚዘንብበት ስለሆነ ተጨማሪ ዕድል አለው። ቢሆንም የዝናቡ አወጣጥና አገባብ ሊዛባ ይችላልና የየአሥር ቀኑን መግለጫ መከታተሉ ይሻላል።