ደሙ ደርሷል ወይ?

የተከበራችሁ የቀጫጭን ደም ሥሮችን ዝውውር የሚያጠናው ማኅበራችን አባላት፣ ከየሙያው የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

እኔ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ሐኪም ነኝ። እዚህ ማኅበር ውስጥ ያስገባችኝ አንዲት ታካሚ ናት። ኢንፌክሽን በደሟ ተሠራጭቶ ነበር የመጣችው። ፈሳሽ ሰጠናት፣ መድኃኒት ጀመርንላት፣ የደም ግፊቷም ተስተካከለ። ማሽኑ ላይ የሚታየው ቁጥር ጥሩ ነበር። የጉልበቷ ቆዳ ግን እንደተዥጎረጎረ ቀረ። ሴሎች ኦክስጅን ሲያጥራቸው በደም ውስጥ የሚከማቸው ላክቴትም አልወርድ አለ። ልቧ ይረጫል፣ ትልልቆቹ ሥሮች ሞልተዋል፤ ሴሎቿ ጋ ግን ደሙ በበቂ አልደረሰም። አላተረፍናትም።

ያ ሌሊት ከአእምሮዬ አልወጣም። የጎደለኝ እውቀት በሕክምና መጻሕፍት ውስጥ ብቻ የሚገኝ አልነበረም።

እስቲ ደሙ ያልደረሰበትን ቦታ አስቡት። ካፒላሪ፣ ማለትም ከሁሉም ቀጭኑ የደም ሥር፣ ስፋቱ ከ5 እስከ 10 ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) ነው። ቀይ የደም ሴል ደግሞ 8 ማይክሮን ገደማ። ስለዚህ ሴሉ ብዙ ጊዜ ተጣጥፎ፣ ተራውን ጠብቆ፣ አንድ በአንድ ያልፋል። ኦክስጅኑን በብዛት የሚያራግፈውም እዚያው ነው። ሴሉ መተጣጠፍ ሲያቅተው ምን ይሆናል? ይህን የፊዚክስ ሰው ይጠየቅ። የሥሩ ግድግዳ ለምን ያፈሳል? ይህ የባዮሎጂ ነው። ሁሉንም በሕይወት ባለ ሰው ላይ ለማየት ደግሞ ካሜራ የሚሠራ መሐንዲስ ያስፈልጋል።

ድሮም እንዲሁ ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ሃርቬይ እ.ኤ.አ. በ1628 የደምን ዝውውር ሲያስረዳ፣ ደሙ ከደም ቅዳ ወደ ደም መልስ የሚሻገርበትን መንገድ አላየም። ጣሊያናዊው ሐኪም ማልፒጊ በ1661 የእንቁራሪት ሳንባ በማይክሮስኮፕ ሲመለከት አገኘው። ሌንስ የሚሞርዱ ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ አያገኘውም ነበር።

እኔ ግን ከሁሉም የምወደው የክሮግን ታሪክ ነው። ዴንማርካዊው አውጉስት ክሮግ ኦክስጅን ከካፒላሪ ወደ ጡንቻ እንዴት እንደሚዘልቅ ማስላት ፈለገ። ሒሳቡን የሠራለት ኤርላንግ ነው። ኤርላንግ የኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ሰው ነበር፤ የስልክ መስመሮችን መጨናነቅ የሚያሰላ! ሥራቸው በ1919 ታተመ። በዓመቱ ክሮግ በካፒላሪ ምርምሩ የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ያ ስሌት እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። በጉባኤያችን ስክሪኑ ላይ ቀመር ሲወጣ ሐኪሞቹ ስልካችንን እናወጣለን። የታካሚ ታሪክ ሲነበብ ደግሞ መሐንዲሶቹ ዝም ይላሉ። «ፍሰት» የሚለውን ቃል እንኳ ሁላችንም እንጠቀምበታለን፤ የምናስበው ግን ለየቅል ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ በአንድ ታካሚ ታሪክ እንጀምራለን። ሐኪሙ፣ የፊዚክስ ባለሙያዋና የምስል መሐንዲሱ አብረው መድረክ ላይ ይቀመጣሉ። ያልገባችሁ ቃል ካለ እጃችሁን አውጡና እዚያው አስቁሟቸው።

ጉባኤው ተከፍቷል። ተናጋሪዎቹ ወደ መድረክ ኑልን።