ያልተሟሸ ምጣድ፦ የሲሚንቶ ጉድጓድ እንዴት መናፈሻ ሆነ?

አዲስ የሸክላ ምጣድ ገዝታችሁ ታውቃላችሁ? እንዳመጣችሁት ሊጥ ብታፈሱበት ምን ይሆናል? ይይዛል! እንጀራው አይነሳም። ተቦጫጭቆ ግማሹ ምጣዱ ላይ ይቀራል። ስለዚህ እናቶቻችን መጀመሪያ ያሟሹታል። እሳት ከሥሩ ያነዳሉ፣ የተወቀጠ ጎመን ዘር ይነሰንሳሉ፣ በጨርቅ ያሻሉ፣ ይጠርጋሉ። ደግመው ይነሰንሳሉ፣ ደግመው ያሻሉ። ምጣዱ ዘይቱን እየጠጣ ይጠቁራል፣ ይለሰልሳል። ከዚያ በኋላም ቢሆን የመጀመሪያዋ እንጀራ ለገበታ አትቀርብም። ማሟሻ ናት። የተጋገረችው ለተከታዮቿ ብላ ነው።

እኔ ልጅ ሆኜ እናቴን "ለምን ትጥያታለሽ?" እያልኩ እጨቀጭቃት ነበር። ዛሬ ገብቶኛል። ይህችን ማሟሻ ያዙልኝ፣ እንመለስባታለን።

የዛሬው ጉዳያችን የድንጋይ ካባ ነው። ድንጋዩ ወጥቶ ያለቀ፣ የተተወ፣ ኋላ ግን ሰው ቤተሰቡን ይዞ የሚዝናናበት መናፈሻ የሆነ ካባ። ቦታው ጎረቤታችን ኬንያ፣ ሞምባሳ አጠገብ፣ ባምቡሪ። እዚያ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የሚሠራ የሲሚንቶ ፋብሪካ አለ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ።) ጥሬ ዕቃው የኮራል ድንጋይ ነው፤ ጥንት ባሕር ውስጥ የነበረ። ቆፈሩ፣ ቆፈሩ፣ ከርሰ ምድር ውሃው ጋ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው አቆሙ። ምን ቀረ? ነጭ፣ የተራቆተ ወለል። አፈር የለም። ጥላ የለም። ከሥር ያለው ውሃ ጨው ጨው ይላል። ፀሐይ ስትወጣ ወለሉ ይፋጃል። በቃ፣ ያልተሟሸ ምጣድ!

በ1971 ሬኔ ሃለር የሚባል ስዊዘርላንዳዊ የእርሻ ባለሙያ፣ የፋብሪካው ሠራተኛ፣ እዚህ ወለል ላይ ዛፍ መትከል ጀመረ። 26 ዓይነት ሞከረ። ሃያ ስድስት! የጸኑት ሦስት ናቸው። ከሦስቱ ዋናዋን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፦ ሸውሸዌ። አዎ፣ ያቺ በየትምህርት ቤቱ ግቢ የምትቆመው፣ ነፋስ ሲነካት ሽው የምትለው። በነገራችን ላይ ጥድ አይደለችም። መርፌ የሚመስለው ነገር ቀጭን ቅርንጫፍ ነው፤ ቅጠሏ መገጣጠሚያው ላይ ያለችው ኢምንት ቅርፊት ናት።

እዚህ ጋ ቆም ልበል። ስለ ሸውሸዌ ባነሳሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይጎርፍልኛል፦ "ባሕር ዛፍ ብንተክልስ? እሱም ከአውስትራሊያ ነው፣ እሱም ቶሎ ያድጋል፣ ምን ለያቸው?" ጥያቄው ተገቢ ነው። ባሕር ዛፍን እኔም አከብረዋለሁ። በምኒልክ ዘመን ገብቶ አዲስ አበባን ከማገዶ እጦት የታደገ ዛፍ ነው፤ ዛሬም ስንት ቤት የቆመው በእሱ ነው። ግን ባሕር ዛፍ የሚያድገው አፈሩ ውስጥ ያለውን እየወሰደ ነው። ካባው ወለል ላይ የሚወሰድ ምን አለ? ምንም! ሸውሸዌ ግን ስንቋን ይዛ ትመጣለች። ሥሯ ላይ ፍራንኪያ የሚባል ባክቴሪያ ይቀመጣል፤ ናይትሮጅን ከአየር ወስዶ ለዛፏ ያዘጋጃል። እንደ ባቄላና እንደ አተር ማለት ነው፣ ባክቴሪያው ቢለይም። ስለ ናይትሮጅን የሠራሁትን ቪዲዮ ያላያችሁ ቻናሉ ላይ ታገኙታላችሁ። ሰብስክራይብ ማድረግም አትርሱ። ስለዚህ "ቶሎ ያድጋል" ብቻውን መለኪያ አይሆንም። የተራቆተ ድንጋይ ላይ ዛፍ ስትተክሉ "ከሄደ በኋላ ምን ይተዋል?" ብላችሁ ጠይቁ።

እሺ፣ ሸውሸዌ በቀለች፣ መርፌዎቿን አራገፈች። ግን መርፌው አይበሰብስም! ታኒን አለበት፤ ሻይ ሲጠቁር ምላስ የሚያኮማትረው ነገር። ባክቴሪያዎች አልደፈሩትም። ወለሉ ላይ ደርቆ ተከመረ፣ አፈርም አልሆነ። አንድ ቀን ሃለር ሲያይ፣ ሲነኩት የሚጠቀለለው ባለ ብዙ እግር ፍጡር፣ እግሩ ቀላ ያለ፣ መርፌውን እየበላ ነው። በመቶዎች ሰብስቦ ለቀቃቸው። በሉ፣ አደቀቁ፣ ጣሉ። የጣሉትን ባክቴሪያ ተቀበለው። ጥቁር አፈር መጣ። ምጣዱ ጠቆረ ማለት ነው፣ ጎመን ዘሩን ጠጣ!

ከዚያማ ሌሎች ዛፎች ገቡ። ሸውሸዌዎቹም ቦታ ለቀቁ፤ እየተቆረጡ ለእንጨት ዋሉ። ማሟሻዋ ሥራዋን ጨረሰች። እኔ በዚህ ታሪክ በጣም የምወደው ይህንን ነው። ጉድጓዶቹ የዓሣ ኩሬ ሆኑ፤ ቀጭኔ መጣ፤ በ1984 ለሕዝብ ተከፈተ። ዛሬ ሃለር ፓርክ ይባላል። በ2004 ሱናሚ ጊዜ ማሊንዲ አጠገብ ከባሕር የተረፈውን የጉማሬ ግልገል ታስታውሳላችሁ? ከሽማግሌው ግዙፍ ኤሊ ጋር ጓደኛ የሆነውን? እዚሁ ነው ያደገው፣ እዚሁ ካባ ውስጥ።

አሁን ሥራ ልስጣችሁ። አካባቢያችሁ የተተወ ካባ ካለ፣ ማንም ሳይተክለው ወለሉ ላይ የበቀለ ነገር ፈልጉ። ፎቶ አንሱና ላኩልኝ። ክረምት ከሆነ ግን ከአፋፉ ሆናችሁ አንሱ፤ ውሃ ወዳቆረው ጉድጓድ እንዳትወርዱ፣ ልጆችም እንዳይጠጉ። የሚቀጥለውን ቪዲዮ በእናንተ ፎቶዎች እሠራለሁ።