ድንጋዩን እንዳትቀቅሉት!

ሰላም፦ እንደምን ሰነበታችሁ! አንድ አድማጫችን «አኳሪየሜን አረንጓዴ ምንጣፍ የመሰለ ኮራል ወረሰብኝ፤ ድንጋዩን አውጥቼ የፈላ ውሃ ላፍስበት ወይ?» ብሎናል። ኮራል ማለት ድንጋይ ላይ ተለጥፎ የሚያድግ የባሕር እንስሳ ነው። ሄኖክ፣ ይህ ያንተ ነው።

ሄኖክ፦ ኧረ በፍጹም! ምንጣፉ ግሪን ስታር ፖሊፕ ከሆነ እሱ ራሱ ያን ያህል አያስፈራም። ግን ድንጋዩ ላይ ሌላ ማን ተለጥፎ እንዳለ አይቷል?

ሰላም፦ ማንን ፈርተህ ነው?

ሄኖክ፦ ዞአንቲድን። የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል፣ ዙሪያዋን ዘርፍ ያላት፣ ቀለሟ የሚያምር የኮራል ዘመድ ናት። ሱቅ ስትገቢ ዓይንሽ መጀመሪያ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። አንዳንዶቹ፣ በተለይ ፓሊቶአ የሚባሉት፣ ፓሊቶክሲን የተባለ ከባድ መርዝ አላቸው። ሃዋይ ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1971 ነው ለይተው ያወጡት። በየሴላችን ሶዲየምና ፖታሺየም የሚያመላልስ ፓምፕ አለ አይደል? መርዙ እሱን እንደ በር በርግዶ ይተወዋል። ከዚያ ጡንቻም ልብም ይታወካል።

ሰላም፦ ታዲያ ሙቀት አያጠፋውም?

ሄኖክ፦ ኮራሉን ይገድለዋል፣ መርዙን ግን አይደለም። ጭራሽ ከእንፋሎቱ ጋር ቤቱን ይሞላዋል፣ አንቺም ትተነፍሺዋለሽ። እ.ኤ.አ. በ2018 እንግሊዝ፣ ኦክስፎርድሻየር ውስጥ፣ አንድ ቤተሰብ ከአኳሪየም ጽዳት በኋላ በዚሁ ሰበብ ሆስፒታል ገባ። ሊረዷቸው የመጡት የድንገተኛ ሠራተኞችም ሳይቀሩ። አላስካም ተመሳሳይ ነገር ተመዝግቧል።

ሰላም፦ ምልክቱ ምንድን ነው?

ሄኖክ፦ አፍ ብረት ብረት ይላል። ብርድ ብርድ፣ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የጡንቻ ሕመም። ወዲያው ከቤት ወጥቶ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። «ፓሊቶክሲን ይሆናል» ብላችሁ ንገሯቸው፣ ብዙ ሐኪም ገጥሞት አያውቅም።

ሰላም፦ እሺ፣ ዞአንቲድ የለም እንበል። ምንጣፉስ?

ሄኖክ፦ ጓንትና መነጽር ይደረጋል፣ መስኮት ይከፈታል። ድንጋዩን ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ ባልዲ ውስጥ አስገቡት፣ ሥራው ሁሉ እዚያው ውሃ ውስጥ ይሁን። በደረቁ መቦረሽ የለም፣ ፍንጣሪው ዓይን ውስጥ ይገባል። ከሥሩ ሐምራዊ ቆዳ አለው። ጫፉን በስለት ቀስ ብላችሁ ካነሳችሁለት እንደ ስስ እንጀራ ተያይዞ ይላቀቃል። ቁራሽ ከቀረ ግን ተመልሶ ይበቅላል፣ ስለዚህ ስንጥቁን ሁሉ እዩ።

ሰላም፦ እኔን ያስቸገረችኝ ዜኒያ የምትባለው ለስላሳ ኮራል ናት። ያቺ እጇን እየከፈተች እየዘጋች የምትጨፍረው።

ሄኖክ፦ እሷን መቦጨቅ ትርፉ ቁርጥራጭ መበተን ነው። አጠገቧ ባዶ ድንጋይ አስቀምጪላት። ራሷ እየተሳበች ትወጣበታለች፣ ከነድንጋዩ ታወጫታለሽ። ደግሞ የተትረፈረፈ ምግብ ያለበት ውሃ ትወዳለች። ለዓሦቹ መኖ እንደ ሠርግ ቤት አትበትኚ።

ሰላም፦ (ሳቅ) ገባኝ! ሲያልቅስ?

ሄኖክ፦ ድንጋዩን በሌላ የጨው ውሃ አለቅልቀሽ መልሺ። ለስላሳ ኮራሎች ሲቆረጡ ሌሎቹን የሚጎዳ ኬሚካል ይለቃሉ። ስለዚህ አዲስ ካርበን፣ ማለትም ውሃ የሚያጣራ ከሰል፣ ማጣሪያው ላይ ይገባል፣ ከውሃውም የተወሰነ ይቀየራል።

ሰላም፦ የወጣውን ኮራልስ? ጅዳና ዱባይ ያሉ አድማጮቻችን ባሕሩ ደጃቸው ነው። ዜኒያ ደግሞ ቀይ ባሕር አገሯ ነው።

ሄኖክ፦ አገሯም ቢሆን አይጣልም፣ ከአኳሪየም ምን ይዛ እንደምትሄድ አይታወቅም። ቬንዙዌላን እዪ። ዩኖሚያ የሚባል ለስላሳ ኮራል በአኳሪየም ነጋዴዎች በኩል ባሕር ገብቶ፣ ሞቺማ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የአገሬውን ኮራል ሸፍኖታል። ስለዚህ ያወጣችሁት ኮራል በረኪና አንድ እጅ፣ ውሃ ዘጠኝ እጅ ተደርጎ፣ ደጅ ላይ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይዘፍዘፍ። ኮምጣጤ እንዳይቀላቀልበት! ከዚያ በፌስታል ታስሮ ቆሻሻ ውስጥ።

ሰላም፦ አድማጫችን ቁልፍ የምታክል ነገር ካየስ?

ሄኖክ፦ ድንጋዩን ሳይነካ ፎቶ ያንሳና ኮራል የሚያውቅ ሰው ያሳይ። እስከዚያ ማንቆርቆሪያው ሻይ ያፍላበት።