ዓይኔ ያለፈቃዴ እየተዘጋ ነው፤ ኢንሹራንስ ደግሞ የለኝም

ቅዳሜ ዕለት በፕሮግራማችን የስልክ መስመሩን የከፈትነው ለዓይን ቆብ ሕመም ነበር። አብዛኞቹ ደዋዮች ሕመሙ ከከረመባቸው በኋላ ነው የደወሉት። ሰበቡ ደግሞ አንድ ነው፤ ኢንሹራንስ የለም። ሰዓት አጥሮን በአየር ላይ ያሳጠርኳቸውን መልሶች እዚህ ዘርዘር አድርጌ ጽፌያቸዋለሁ። የማንንም ስም አላነሳሁም።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦ ዶክተር፣ ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። ሥራዬ አረጋውያንን ቤታቸው ሄዶ መንከባከብ ነው። ዓይኔን እርግብ እርግብ ካደረገኝ ዓመት አልፎኛል። መጀመሪያ "እንግዳ ሊመጣብሽ ነው" እያሉ ይስቁብኝ ነበር። አሁን ግን ሁለቱም ዓይኖቼ ጥርቅም ብለው ይዘጋሉ። በእጄ ካልከፈትኳቸው እምቢ ይላሉ። መነጽር የሚለኩት ጋ ስሄድ "ድርቀት ነው" ብለው ጠብታ ይሰጡኛል፤ ምንም አልፈየደኝም። ቅዳሴ ላይ ስቆም ሰው የማንቀላፋ ይመስለዋል። ኢንሹራንስ የለኝም። ስፔሻሊስት ጋ ብሄድ ስንት ሺህ ዶላር ይጠይቁኝ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ በስልክ በሽታ አይመረመርም። የነገሩኝ ግን ብሌፋሮስፓዝም ከሚባለው ሕመም ጋር በጣም ይመሳሰላል። ዓይንን የሚዘጋው ጡንቻ ሳይታዘዝ ይኮማተራል። ችግሩ ዓይኑ ውስጥ አይደለም። አንጎል ለጡንቻው የሚልከው ትእዛዝ ስለተዛባ ነው። ብዙ ጊዜ ከአርባ ዓመት በኋላ ይጀምራል፤ ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ያጠቃል። ሲጀምር ዓይን ስለሚቆረቁርና ብርሃን ስለሚያስጠላ "ድርቀት" እየተባለ ዓመታት ያልፋሉ። አንዱ ቆብ ብቻ ለጥቂት ቀናት እርግብ እርግብ ቢል የድካም፣ የእንቅልፍ ማጣት ወይም የቡና ብዛት ነው፤ በራሱ ይተዋል። ሁለቱም ዓይን እየተጨፈነ ሰው መንገድ ማየት ሲያቅተው ግን ሌላ ነገር ነው።

በአየር ላይ "ሲዘምሩ ወይም ማስቲካ ሲያኝኩ ይሻልዎታል?" ብዬ ጠይቄዎት "አዎ፣ መዝሙር ሳንጎራጉር ይከፈትልኛል" ብለውኛል። ይሄ ትልቅ ፍንጭ ነው። ይህ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ማንም ሳይነግራቸው የየራሳቸውን ዘዴ ያገኛሉ። አንዱ ቅንድቡን ይነካል፣ ሌላው ያንጎራጉራል፣ ሌላው ያወራል። ይህንን ለሐኪሙ ይንገሩት። ሌላም ነገር አለ። ሐኪም ፊት ሲቀመጡ ዓይንዎ ምንም እንዳልሆነ ቁልጭ ብሎ ሊያሳፍርዎት ይችላል። ስለዚህ ሲዘጋብዎት ቤት ያለ ሰው በስልክ ቪዲዮ ይቅረጽዎት። ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። ያቺ ቪዲዮ ከብዙ ምርመራ ትበልጣለች። እስከዚያው መኪና ባይነዱ ይሻላል።

ሕክምናው ቦቶክስ ነው። አዎ፣ ያው ለፊት መጨማደድ የሚወጉት። ሰው የውበት ነገር አድርጎ ያየዋል እንጂ መጀመሪያ የዓይን መድኃኒት ነበር። ሳን ፍራንሲስኮ የነበረው የዓይን ሐኪም አለን ስኮት ነው በሰው ላይ የሞከረው። አሜሪካ በ1989 የፈቀደችውም ለዚሁ ሕመምና ለተንሸዋረረ ዓይን ነበር። ለመጨማደድ የተፈቀደው በ2002 ነው። በትንንሽ መርፌ ዓይን ዙሪያ ይወጋል፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሠራል፣ ሦስት ወር ገደማ ይቆያል። ከዚያ ይደገማል። አያድንም፣ ግን ያሠራል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ያለ ኢንሹራንስ አንድ ዙር ከሺህ ዶላር በላይ ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ስፔሻሊስት ጋ በቀጥታ ደውለው አይጀምሩ። የሚጀምሩት ከማኅበረሰብ ጤና ማዕከል ነው። እነዚህ ፌዴራል መንግሥት የሚደግፋቸው ክሊኒኮች ናቸው። ክፍያውን የሚወስኑት በገቢና በቤተሰብ ብዛት ነው። ገቢዎ ከድህነት መስመሩ በታች ከሆነ ወይ በነጻ ነው ወይ ትንሽ ነገር ይከፍላሉ። እስከ መስመሩ እጥፍ ድረስ ደግሞ ቅናሽ አለ። መስመሩ በ2025 ለአንድ ሰው በዓመት 15,650 ዶላር ነበር። የደመወዝ ወረቀትዎን ይዘው ይሂዱ። እዚያ ቦቶክስ አይወጉዎትም። የሚፈልጉት ሪፈር ነው፤ ወደ ማስተማሪያ ሆስፒታል፣ ወይ ወደ ዓይን ነርቭ ሐኪም፣ ወይ ወደ ዓይን ቆብ ቀዶ ሐኪም፣ ወይ የእንቅስቃሴ ሕመም ወደሚያይ የነርቭ ሐኪም። ከሦስቱ ሐኪሞች ማንኛውም ይሆናል።

እዚያው ክሊኒክ ለሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች መንግሥት የሚሰጠው ኢንሹራንስ) ማመልከቻ የሚሞሉልዎ ሠራተኞች አሉ፤ አያስከፍሉም። ብዙ ሀበሻ "ዕድሜዬ ገና ነው" ብሎ ይተወዋል። ዕድሜ የሚጠይቀው የአረጋውያኑ ኢንሹራንስ ሜዲኬር ነው እንጂ ሜዲኬይድ አይደለም። ግሪን ካርድ ከያዙ አምስት ዓመት ካልሞላዎት ግን ብዙ ጊዜ አያስገባም። ሕጉም በየጊዜው ስለሚነካካ የሰው ወሬ ሰምተው ከመተው ራስዎ አመልክተው መልሱን ይጠብቁ።

ሜዲኬይዱ ቢቀርም ሆስፒታሉ ራሱ ግዴታ አለበት። ለትርፍ ያልተቋቋመ ሆስፒታል ሁሉ የክፍያ እርዳታ ደንብ በጽሑፍ እንዲኖረው የፌዴራል ሕግ ያዛል። የሜሪላንድ ሕግ ደግሞ ጠንከር ይላል። ገቢው ከድህነት መስመሩ እጥፍ ለማያልፍ ሰው ሆስፒታሎች አስፈላጊ ሕክምና በነጻ እንዲሰጡ ያስገድዳል። ስሙን ልብ ይበሉ፤ "ፋይናንሺያል አሲስታንስ" ነው የሚጠይቁት። ቢሮ ውስጥ ያለችው ልጅ "ፔይመንት ፕላን እንስጥዎት" ካለችዎ ያ እርዳታ አይደለም፣ ዕዳውን በየወሩ መክፈል ነው። ቅጹን ከቀጠሮው በፊት ይሙሉ። ቢሉ (የክፍያ መጠየቂያው) ከመጣ በኋላም ቢሆን ከመጀመሪያው ቢል ጀምሮ 240 ቀን ማመልከት ይቻላል። አስተርጓሚ በነጻ ይጠይቁ፣ ልጅዎን አያስጨንቁ። አንድ ወጥመድ ግን አለ። የሆስፒታሉ ቢልና የሐኪሙ ቢል ለየብቻ ሊመጡ ይችላሉ። እርዳታው ሐኪሙንም ይጨምር እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ።

ከ2022 ጀምሮ ኢንሹራንስ ለሌለው ሰው ከሕክምናው በፊት የዋጋ ግምት በጽሑፍ መስጠት ግዴታ ነው። ቢሉ ከግምቱ በ400 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከበለጠ በ120 ቀን ውስጥ መከራከር ይችላሉ። የመድኃኒቱ አምራች አቢቪም ኢንሹራንስ ለሌላቸው መድኃኒቱን በነጻ የሚሰጥበት መንገድ አለው። ማመልከቻው ላይ ሐኪሙ መፈረም አለበት። የመውጊያው ክፍያ ግን ለብቻው ነው።

ጎረቤትዎ "ቦቶክስ ይወጋሉ" ብላ ስለነገረችዎ የውበት ሳሎን ደግሞ፦ በፍጹም እንዳይሄዱ። በ2024 የአሜሪካ ጤና ባለሥልጣናት በሐሰተኛ ቦቶክስ ሆስፒታል ስለገቡ ሰዎች አስጠንቅቀዋል። ዓይን ዙሪያ የሚወጋው ጡንቻውን የሚያውቅ ሐኪም ነው።

ጥያቄ (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)፦ ኡበር ነው የምነዳው። ጠዋት ስነሳ ሽፋሽፍቴ በዓይናር ተጣብቆ ነው የማገኘው። ቆቡ ይቀላል፣ ያሳክካል። እህቴ ከአዲስ አበባ የላከችልኝን ጠብታ ሳደርግ ወዲያው ይሻለኛል፣ ሳቆም ይመለሳል። ጠብታው ላይ ዴክሳሜታዞን ይላል። ስፔሻሊስት ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስፔሻሊስቱ ይቆይ፤ ጠብታው ግን ዛሬውኑ ይቁም። ዴክሳሜታዞን ስቴሮይድ ነው። መቅላቱን ያጠፋል፣ ሰውን ያስደስታል። ሲቆይ ግን የዓይን ግፊት ይጨምራል፣ ሞራም ያመጣል። ግፊት ደግሞ አያምም፤ ሰው የሚነቃው ዓይኑ ከተጎዳ በኋላ ነው። አገር ቤት ፋርማሲ ገብቶ "ለዓይን የሚሆን ስጠኝ" ማለት ስለለመድን ነው እንጂ ይህ ያለ ሐኪም የሚገዛ ነገር አልነበረም። ስለዚህ ከሐኪም የሚያስፈልግህ አንድ ነገር ግፊት መለካት ነው። እሱን ኦፕቶሜትሪስትም (መነጽር የሚለካው የዓይን ባለሙያ) ይለካዋል።

ሕመምህ ብሌፋራይተስ ይመስላል፤ የሽፋሽፍት ሥር መቆጣት ነው። ሥር የሰደደ ነው፣ ይሄድና ይመለሳል። ሕክምናው ርካሽ ነው፣ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ንጹሕ ፎጣ በሞቀ ውኃ ነክረህ ጨምቅ፣ ዓይንህን ጨፍነህ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ያዝበት፣ ሲበርድ መልሰህ አሙቀው። ከዚያ የሽፋሽፍቱን ሥር በውኃ በቀጠነ የሕፃን ሻምፑ ቀስ አድርገህ ጥረግ። ጠዋትና ማታ። ሲሻልህ እንዳታቆም። በወር በሁለት ወር ለውጥ ከሌለ ያን ጊዜ ሐኪም ጋ።

ጥያቄ (ከዴንቨር)፦ እናቴ ደብረ ታቦር አካባቢ ገጠር ናት። ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ዓይኗን ይወጋታል። አዲስ አበባ ወስጄ የግል ክሊኒክ ላሳክማት ገንዘብ እያጠራቀምኩ ነው። የጤና መድህንም የላትም። ስንት ይበቃኛል?

መልስ፦ ገንዘቡን ማጠራቀም ትተህ ዛሬ ማታ ደውልላት። ለዚህ ሕክምና አዲስ አበባ አያስፈልግም። መድህንም አያስፈልግም።

ይሄ የትራኮማ መዘዝ ነው። በልጅነት እየደጋገመ የያዘ ማዝ የቆቡን ውስጠኛ ክፍል ያጠባሳል። ጠባሳው ሲኮማተር የቆቡን ጠርዝ ወደ ውስጥ ይጠመዝዘዋል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ እርግብታ ብሌኑን ይፍቃል። በዓለም ላይ ይህ ችግር የበረታባት አገር ኢትዮጵያ ናት፤ አማራ ክልል ደግሞ በጣም ከተጎዱት ነው። ልጆችን ሲያቅፉ የሚውሉት እናቶች ስለሆኑ ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ይጎዳሉ።

እናትህ አንገቷ ላይ በክር ያንጠለጠለቻት ወረንጦ ትኖር ይሆናል። የብዙ እናቶች ሐኪም እሷ ናት። ስትነቅል ለጥቂት ቀናት ይቀልላታል። ግን ፀጉሩ ከሥሩ ካልወጣና መሐል ላይ ከተሰበረ፣ የቀረው ጉቶ ከበፊቱ የባሰ ይወጋል። ዓይን ያጠፋል።

ቀዶ ሕክምናው በጤና ጣቢያ በነጻ ይሰጣል። የሚሠሩት ለዚሁ የሠለጠኑ ነርሶች ናቸው። አንተ "ነርስ በእናቴ ዓይን ላይ ቢላ ታሳርፍ?" ትል ይሆናል። እጃቸው የተፈታ ነው፤ ይህን ሥራ በአገራችን በብዛት የሚሠሩት እነሱ ናቸው። ቆቡን በመርፌ ያደነዝዛሉ፣ ሰንጠቅ አድርገው ጠርዙን ወደ ውጭ ያዞሩታል፣ ይሰፉታል። ሰዓት አይፈጅም። ዓይኗ ታሽጎ በዕለቱ ቤቷ ትገባለች፣ ክሩን ለማስወጣት ተመልሳ ትመጣለች። ስለዚህ አንተ የምትልከው ገንዘብ ለትራንስፖርትና አብሯት ለሚሄድ ሰው ይሁን።

መጀመሪያ የቀበሌዋን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ታናግር። ማን ባለሙያ የት እንዳለ፣ ዘመቻ መቼ እንደሚመጣ የምታውቀው እሷ ናት። አሁን ባለው የመንገድ ሁኔታ ሳይደውሉ ጉዞ መጀመር አይመከርም። ሁለት ነገር ደግሞ አስቀድመህ እወቅ። ቀዶ ሕክምናው የጠፋውን ብርሃን አይመልስም፤ ሥቃዩንና ተጨማሪ ጉዳቱን ነው የሚያስቆመው። ፀጉሩም በተወሰኑ ሰዎች ላይ ተመልሶ ይቀለበሳል። ያኔ ነው ትልቅ ሆስፒታል የሚያስፈልገው፤ ለምሳሌ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል።

ለዚያ ቀን መድህኑም ይጠቅማታል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን የዓመት መዋጮ ለቤተሰብ የሚከፈል ነው፤ ምዝገባው ወቅት ስላለው ቀበሌ ይጠየቅ። ከጤና ጣቢያ ሪፈር ሳይያዝ በቀጥታ ሆስፒታል ከተሄደ ግን ከኪስ ያስወጣል።

ጥያቄ (ከሻርጃ)፦ ሰው ቤት ነው የምሠራው። የላይኛው ቆቤ ላይ እንደ አተር ያለ እብጠት ወጥቶ ወራት ሆነው። አያመኝም። ማዳም "ኢንሹራንስ የለሽም" ትለኛለች።

መልስ፦ የኔ እህት፣ እሱ ብዙ ጊዜ የተደፈነ የቅባት ዕጢ ነው። ለአሌክሳንድሪያው ወንድማችን ያልኩትን የሞቀ ፎጣ በቀን ደጋግመሽ ሞክሪ፤ አታፍርጪው። ካልጠፋ በደቂቃዎች የሚያልቅ ቀላል ቀዶ ነው። ኢንሹራንሱን በተመለከተ ግን ማዳምሽን ብቻ አትመኚ። ከጥር 2025 መግቢያ ጀምሮ ሻርጃን ጨምሮ በሰሜኖቹ ኤሚሬቶች ለቤት ሠራተኛም ኢንሹራንስ ግዴታ ሆኗል። የሚከፍለው አሠሪው ነው፤ መኖሪያ ፈቃድ ሲወጣና ሲታደስ ይጠየቃል። ከዚያ ወዲህ ፈቃድሽ ከታደሰ ሳታውቂው ኢንሹራንስ ሊኖርሽ ይችላል። ክሊኒክ ገብተሽ የኤሚሬትስ መታወቂያሽን ስጪና እንዲያዩልሽ ጠይቂ። ኖሮሽ ከተገኘም የዋጋው የተወሰነ ድርሻ ካንቺ ነው።

በጽሑፍ የመጣ አጭር ጥያቄ (ከዲሲ)፦ የአንድ ዓይኔ ቆብ እየወረደ ነው። ኢመርጀንሲ ብሄድ ያለ ኢንሹራንስ ይመልሱኛል?

መልስ፦ አይመልሱም። ከ1986 ጀምሮ ባለው ሕግ የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የመጣን ሰው የመክፈል አቅሙን ሳያይ መመርመርና አደጋ ላይ ከሆነ ማረጋጋት አለበት። ቢሉ ግን ይመጣል፣ ለከረመ ሕመምም መድኃኒት አይጀምሩልህም። ስለዚህ ልዩነቱን እወቅ። ቆብህ በድንገት ወድቆ ከባድ ራስ ምታት፣ ነገር ሁለት ሁለት ሆኖ መታየት ወይም የአንድ ዓይን ብሌን መስፋት ካለው 911 ደውል፣ ነገ አትበል። ቀስ እያለ የሚወርድና ጠዋት ደህና ሆኖ ማታ ማታ የሚብስ ከሆነ ደግሞ የነርቭና የጡንቻ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ከላይ ባልኩት የጤና ማዕከል በኩል የነርቭ ሐኪም ጋ ሪፈር ጠይቅ። ምግብ መዋጥ ወይም መተንፈስ ከከበደህ ግን ያንኑ ሰዓት ኢመርጀንሲ ነው።