ለምርቃት ብቻ አትጥሩን

በዓለም የአረጋውያን ቀን ደብረ ማርቆስ ላይ ለተሰበሰቡ ጡረተኞችና የዕድር ሰብሳቢዎች የተደረገ ንግግር

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ?

ዛሬ መስከረም 21 ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990 ይህን ቀን ለእኛ ለአረጋውያን ብሎ ሰየመው። ደግ አደረገ። እኛ ጋ ሲደርስ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። በዓመት አንዴ ይጠሩናል፣ ፊት ወንበር ላይ ያስቀምጡናል፣ "እስቲ መርቁን" ይሉናል። ከዚያ ደህና ዋሉ። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የመረቅሁትን ስብሰባ ቆጥሬ አልጨርሰውም። አንዱንማ ስለምን እንደተሰበሰቡ ሳልሰማ መርቄ ወጥቻለሁ።

ምርቃት አልጠላሁም። ግን ስድሳ ሞልቶት ጡረታ የወጣ ሰው ሥራ አይችልም ያለው ማነው? ጉልበት ይደክማል፣ እሺ። የሠላሳና የአርባ ዓመት ሙያ ግን መታወቂያ ሲመልሱ አብሮ አይመለስም። ዛሬ የምለምናችሁም ይህን ሙያ ይዘን በበጎ ፈቃድ እንድናገለግል ነው።

እስቲ ወደ 1971 ዓ.ም. ልመልሳችሁ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረበት ክረምት ነው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ነበር። ከመካከላችሁም የዘመታችሁ አላችሁ፤ ፈገግታችሁ ያስታውቃል። የደረሰኝ ገበሬ ማኅበር ወደ ጮቄ ግድም ነበር። ብርዱን አልነግራችሁም። ማታ ማታ በኩራዝ እናስተምራለን። ከተማሪዎቼ አንዱ ስድሳን ያለፉ ገበሬ ነበሩ። እርሳሱን እንደ እርፍ ጨብጠው ጫፉን ቀጭ ያደርጉታል። "ልጄ፣ ስሜን መጻፍ ብቻ አስተምረኝ። ግብር በከፈልኩ ቁጥር ጣቴን ቀለም መንከር ሰለቸኝ" አሉኝ። ሁለት ሳምንት ፈጀብን። ስማቸውን በጻፉ ማግስት አንድ ቅል እርጎ ላኩልኝ። አገራችን በዚያ ዘመቻ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል ተሸልማለች። እኔ ግን የማልረሳው እርጎውን ነው።

ዛሬ እኔ የእሳቸውን ዕድሜ ይዣለሁ። ያኔ ልጆች ሆነን ሽማግሌ አስተማርን። አሁን ደግሞ ሽማግሌ ሆነን ልጅ እናስተምር እያልኩ ነው።

በነዚህ ዓመታት ጎጃም ውስጥ ስንቱ ልጅ ከትምህርት እንደራቀ ታውቃላችሁ። ምክንያቱን እዚህ አልዘረዝርም፤ ሁላችንም ኖረነዋል። ትምህርት ቤቱ ቢከፈትም ያመለጠው ንባብ በራሱ አይመጣም። አንድ የጎረቤቴ ልጅ አለ። አራተኛ ክፍል ደርሶ አንዲት አንቀጽ ሲያነብ ላብ ያጠምቀው ነበር። መምህርቷ ምን ታድርግ? ፊቷ የተቀመጠው ልጅ ብዙ ነው፤ እያንዳንዱን እስክታዳምጥ ደወል ይደወላል። ልጁ የሚያስፈልገው አጠገቡ ቁጭ ብሎ የሚሰማው ሰው ነው። ለዚህ ደግሞ መምህር መሆን አያስፈልግም። ልጁ ያነባል፣ እናንተ ትሰማላችሁ። ሲስት "እስቲ ድገመው" ትሉታላችሁ። በቃ፣ ይኸው ነው።

እኔ ማክሰኞና ሐሙስ ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሱ ጋር እቀመጣለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ኳሱን ስላስቀረሁበት ዓይኔን ማየት አይፈልግም ነበር። አሁን ስዘገይ መጥቶ በሬን ያንኳኳል።

ይህ ለጎጃም እንግዳ ነገር አይደለም። የቅኔ ትምህርት ቤቶቹን ዋሸራንና ጎንጅን አስቡ። የቆሎ ተማሪ ቁራሽ ለምኖ ሲማር የኔታ "መመዝገቢያህን ክፈል" አላሉትም። ቅኔው የገባው ተማሪም አስነጋሪ ሆኖ ታናሹን ያቀና ነበር። በጎ ፈቃድ የሚለው ስም ነው አዲሱ።

ሌላው የምለምናችሁ ቦታ ሆስፒታል ነው። ባለፈው ዓመት ለግፊቴ ወደ አንድ ሆስፒታል ሄጄ ነበር። ከገጠር የመጡ አንዲት እናት አጠገቤ ቆመዋል። ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ተሰልፈዋል። ለካ የቆሙት መድኃኒት ቤት በር ላይ ነው፤ ገና ካርድ እንኳ አላወጡም! ማንም አላመናጨቃቸውም። የሚጠይቁት ሰው አጥተው ነው። በየበሩ የተለጠፈው ጽሑፍ ለማያነብ ሰው ያው ግድግዳ ነው።

እዚያ በር ላይ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ቢቀመጥስ? "ካርድ ክፍሉ በዚህ ነው፣ ላቦራቶሪ በዚያ ዙሪ" ቢላቸው? እኛን ደግሞ ሰው አይፈራንም። ነጭ ጋውን የለበሰውን ለመጠየቅ የሚሳቀቅ ገበሬ ሽበት ሲያይ "አባቴ" ብሎ ይጠጋል። አደራ የምለው አንድ ነገር ነው። መንገድ ማሳየት እንጂ መድኃኒት ማዘዝ የለም። ዳማከሴም ቢሆን!

ሒሳብ ሠራተኛ የነበራችሁ፣ የዕድራችሁን መዝገብ አንዴ ገልጣችሁ እዩት። ከዚህ በላይ አልናገርም፤ ሰብሳቢዎቹ እዚሁ ተቀምጠዋል። ጸሐፊ የነበራችሁ፣ ማመልከቻ መጻፍ ለማይችል ሰው ጻፉለት።

ችግኝም አለ። የአረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየክረምቱ እንተክላለን፣ ፎቶ እንነሳለን። ዝናቡ ሲያቆምስ? በበጋ ውሃ የሚያጠጣው፣ ፍየል የሚመልሰው ማነው? በየደጃችሁ አሥር አሥር ችግኝ ተረከቡ። ወይራ ቀስ ብሎ ነው የሚያድግ፤ እኛም የምንቸኩልበት የለንም።

እናቶች፣ ከናንተ ጋር ሌላ ጉዳይ አለኝ። እናንተ መቼ ጡረታ ወጣችሁ? የልጅ ልጅ የምታሳድጉ እናንተ። ለቅሶ ቤት ውላችሁ ማታ እንጀራ የምትጋግሩ እናንተ። ተጨማሪ ሥራ ላሸክማችሁ አልመጣሁም። ከአልጋ ያልተነሳች ጎረቤት ስትኖራችሁ ቡናውን ይዛችሁ ሄዳችሁ እዚያው ታፈላላችሁ። ይህን ለወንዶቹ አስተምሩልን። እኛ የታመመ ልንጠይቅ እንሄድና በር ላይ ቆመን "እግዜር ይማርህ" ብለን እንመለሳለን። ሰውዬው የሚፈልገው ጨዋታ ነው።

ከትምህርት ቤትና ከጤና ተቋም ለመጣችሁ ኃላፊዎች ደግሞ ይህን ልበል። ቲሸርትና ኮፍያ ይቅርብን። ባነርም አታሠሩ። ወንበር ስጡን፤ ጉልበታችን መቆም አይችልም። የባጃጅ ሂሳብ ቻሉልን፤ የጡረታን ብር ታውቁታላችሁ። ስንመጣ የሚቀበለን አንድ ሰው መድቡ። ሁለቴ መጥቶ የተዘጋ በር ያገኘ ሽማግሌ ሦስተኛ አይመጣም። ከልጅ ጋር ስንቀመጥ መምህር ባለበት ይሁን፤ ለልጁም ለእኛም ይበጃል። "እነዚህ በነጻ ይሠራሉ" ብላችሁም የቀጠራችሁትን ወጣት እንዳታባርሩት። እንዲህ ካደረጋችሁ ተጣላን።

እኛም አመል አለብን። "በኛ ጊዜ" ማለት እናበዛለን። በዕድሜ የሚያንሰን ሰው ሲያዘን ደም ስራችን ይቆማል። የዚያ የጎረቤቴ ልጅ መምህርት ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። አንድ ቀን "ጋሼ፣ ሲሳሳት አይጩኹበት፣ ይደነግጣል" አለችኝ። አርባ ዓመት ላስተማርኩት ለእኔ! ሁለት ቀን አኮረፍኩ። በሦስተኛው ቀን ድምፄን ዝቅ አድርጌ ሞከርኩ። ልጁ ገጹን ሳይንተባተብ ጨረሰው።

በሉ፣ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ልጨርስ። በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ መዝገብ አለ። ስም፣ ቦታ፣ ቀንና ሰዓት ይላል። በሳምንት ሁለት ሰዓት ይበቃል። "በተመቸኝ ጊዜ" ብላችሁ እንዳትጽፉ፤ እሱ ቀን እንደማይመጣ እናውቃለን። እስክሪብቶው በክር የታሰረው ስለምንጠረጥራችሁ አይደለም። ዕድሜ ልኩን ቢሮ የሠራ ሰው እስክሪብቶ ሲያይ እጁ ወደ ኪሱ እንደሚሄድ ከራሴ ስለማውቅ ነው። የመጀመሪያው መስመር ላይ የእኔ ስም አለ። ሁለተኛው ባዶ ነው።