«አራት ደቂቃ ሄዶ ይቆማል»፦ ያልታመቀ ቪዲዮ በኔትወርክ፣ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት የስልክ መስመሩን ለቪዲዮና ለኔትወርክ ጥያቄ ከፍተን ነበር። ከጎጃም ብዙ ደወላችሁልን። የአየር ሰዓቱ አጥሮን በጥድፊያ የመለስኳቸውን ጥያቄዎች እዚህ ዘርዘር አድርጌ ጽፌያቸዋለሁ።

ከደብረ ማርቆስ፦ «ለአዳራሻችን ትልቅ ስክሪንና ሚዲያ ሰርቨር ገዛን። ቪዲዮውን ሳናምቅ፣ ማለትም መጠኑን ሳናሳንስ፣ በኔትወርክ ስንልከው ይቆራረጣል። መሣሪያዎቹን የሚያገናኘው ስዊች ባለ 1 ጊጋቢት ነው። ምን ጎደለን?»

ወንድሜ፣ የጠበበው መንገዱ ነው። ብዕር አንሳና አብረን እናስላ። ፉል ኤችዲ ምስል 1920 በ1080 ነው፤ ተባዝቶ 2,073,600 ፒክሰል ይሆናል። ስቱዲዮዎች በሚጠቀሙበት ባለ 10 ቢት 4፡2፡2 በሚባለው የቀለም አያያዝ አንዱ ፒክሰል በአማካይ 20 ቢት ይወስዳል። በሰከንድ 50 ፍሬም ስታበዛው 2.07 ጊጋቢት ይመጣል። ይህን በ1 ጊጋቢት መስመር ማሳለፍ ሁለት ኩንታል ጤፍ በአንድ ኩንታል ጆንያ እንደመክተት ነው። ወደ 25 ፍሬም ብታወርደው እንኳ 1.04 ጊጋቢት ነው፤ አሁንም አይገባም።

ስለዚህ ሰርቨሩም ስዊቹም ቢያንስ 10 ጊጋቢት ይሁኑ። በእሱ ላይ አራት ፉል ኤችዲ ምስል ሳትጨናነቅ ታስኬዳለህ። ፎርኬ (የፉል ኤችዲ አራት እጥፍ ፒክሰል ያለው ምስል) በ60 ፍሬም ካማረህ ግን ምስሉ ብቻ 10 ጊጋቢት ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው፣ ወደ 25 ጊጋቢት ሂድ።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያፈስሰው እዚህ ላይ ነውና። በኔትወርክ የሚወጣው ምስል ያልታመቀ ነው ማለት ዲስክ ላይ ያለው ፋይልም ሳይታመቅ ይቀመጥ ማለት አይደለም። ያልታመቀው ምስል በሰዓት ወደ 930 ጊጋባይት ይበላል። ፋይሉን በጥሩ የፕሮዳክሽን ኮዴክ (ቪዲዮ ማመቂያና መፍቻ) አስቀምጠው። ሰርቨሩ ሲያጫውት ይፈታውና ያልታመቀውን ይልከዋል። የዲስኩን ብር ለስዊቹ አድርገው።

ከባሕር ዳር፦ «ምስሉ አምሮ ይጀምራል። አራት ደቂቃ አካባቢ ሲሆን ቀጥ ይላል። ተቀባዩን ማሽን አጥፍተን ስናበራው ይመለሳል። የኔትወርክ ካርዱን ልንቀይር ነው።»

እህቴ፣ በፈጠራችሁ ካርዱን አትንኩት! በዚህ ነገር እኔም አንድ ሌሊት ሙሉ አሳሬን በልቻለሁ። የአንድ ስቱዲዮ ሥራ ነበር። ካርድ ቀየርን፣ ገመድ ቀየርን፣ ምንም ለውጥ የለም። ሊነጋጋ ሲል ሰዓት ይዤ መቁጠር ጀመርኩ። 4 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ። ደግሜ ቆጠርኩ፣ ያው። የተበላሸ ካርድ እንዲህ ቀጠሮ አያከብርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቪዲዮው የሚሄደው በማልቲካስት ነው፤ ላኪው አንዴ ይልካል፣ ስዊቹ ለጠየቁት ብቻ ያድላል። ጠያቂዎቹን መዝግቦ ይይዛል። በየ125 ሰከንዱ ደግሞ «አሁንም የምትፈልጉ አላችሁ?» ብሎ የሚጣራ አንድ መሣሪያ መኖር አለበት፤ ኩዌሪየር ይባላል። የሚጣራ ከሌለ መልስ የሚሰጥም የለም። ስዊቹ ሁለት ዙር ጠብቆ፣ 10 ሰከንድ ጨምሮ፣ በ260ኛው ሰከንድ ስማችሁን ይሰርዛል። ማሽኑን አጥፍታችሁ ስታበሩት እንደ አዲስ ስለሚመዘገብ ምስሉ ይመለሳል።

መድኃኒቱ አጭር ነው። ይህ ጥሪና ምዝገባ የሚካሄድበት ቋንቋ አይጂኤምፒ ይባላል፤ ዋናው ስዊች ላይ የአይጂኤምፒ ኩዌሪየሩን አብሩት። አንዳንዱ ባለሙያ በምትኩ የአይጂኤምፒ ስኑፒንግን፣ ማለትም ስዊቹ ጠያቂዎቹን የሚመዘግብበትን አሠራር፣ ያጠፋዋል። ለጊዜው የተስተካከለ ይመስላል። ግን ያ 2 ጊጋቢት በሁሉም ፖርት ይለቀቃል፣ የቢሮው ኮምፒውተርና ፕሪንተር ሳይቀር ይሰጥማል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ።

ከፍኖተ ሰላም፦ «ድምፁ ከዘማሪው ከንፈር ጋር አይገጥምም። ለየብቻ ሲታዩ ግን ሁለቱም ደህና ናቸው።»

ጋሼ፣ ጥሩ አስተውለዋል። ያልታመቀ ቪዲዮን በኔትወርክ ለመላክ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በወጣው የስምፕቴ 2110 ስታንዳርድ ምስልና ድምፅ ለየብቻ ነው የሚጓዙት። የሚያገናኛቸው በላያቸው ላይ የተጻፈው ሰዓት ብቻ ነው። ያ ሰዓት የሚመጣው ደግሞ ፒቲፒ ከሚባለው የጋራ ሰዓት ነው። ማኅሌት ላይ መቋሚያውም ጸናጽሉም ከበሮውን ተከትሎ አይደል የሚሄደው? ቤቱ ውስጥ ሁለት ከበሮ በየፊናው ቢመታ ምን እንደሚሆን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

መጀመሪያ የፒቲፒ ዶሜይን ቁጥሩን፣ ማለትም መሣሪያው የትኛውን የጋራ ሰዓት እንደሚከተል የሚለየውን ቁጥር፣ ይመልከቱ። የቪዲዮ መሣሪያዎች ከፋብሪካ ሲወጡ ብዙውን ጊዜ 127 ላይ ናቸው፣ የድምፅ መሣሪያዎች 0 ላይ። ሁሉንም ወደ አንድ ቁጥር ያምጧቸው። የሰርቨሩ ካርድም ሰዓቱን በራሱ ሃርድዌር የሚመዘግብ ይሁን፤ ለሶፍትዌር ከተተወ ይወላገዳል።

ከእንጅባራ፦ «የአገው ፈረሰኞችን በዓል ከሜዳው እስከ ባሕር ዳር ሳይታመቅ በኢንተርኔት ማስተላለፍ ይቻላል?»

አይ፣ ወንድሜ፣ ይህ አይሆንም። 2110 የግቢ ውስጥ ሥራ ነው። ወደ ባሕር ዳር የሚሄደውን አምቃችሁ ኤስአርቲ በሚባለው የኢንተርኔት ቪዲዮ መላኪያ ላኩት፣ ጥቂት ሜጋቢት ይበቃችኋል።

ከካሜራው እስከ መቆጣጠሪያ ድንኳናችሁ ግን ሳይታመቅ መሄድ ይችላል። ፋይበሩን ሁለት አድርጉት፤ አንዱን በሜዳው ግራ፣ አንዱን በቀኝ። ያው ምስል በሁለቱም ይላካል፣ ተቀባዩ ከሁለቱ የደረሰውን ፓኬት (የመረጃ ቁራጭ) ይወስዳል። ይህን 2022-7 የሚባለውን አሠራር የሚችሉ መሣሪያዎች መሆናቸውን ግን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ከዚያ በኋላ አንዱን ገመድ ፈረስ ቢበጥሰው እንኳ ተመልካቹ አያውቅም።