ተክሉ ይቆየን፣ መጀመሪያ ድንጋዩ ይሙቅ፦ የሊዮፓርድ ጌኮ ቤት በደሴ ብርድ

ይማም፦ እንደምን ሰነበታችሁ! የዛሬው ርዕሳችን ተክል ነው። ለሊዮፓርድ ጌኮ፣ ለዚያ ነጠብጣባም እንሽላሊት፣ ተፈጥሯዊ ቴራሪየም፣ ማለትም አፈርና ተክል ያለው የመስታወት ቤት፣ ስንሠራ ምን እንተክላለን፣ የት እንተክላለን? ዘሐራ፣ ከእሬት እንጀምር?

ዘሐራ፦ ኧረ ይማሜ፣ ከተክል አንጀምርም! ደሴ ላይ ሆኖ ከተክል የሚጀምር ሰው ቆንጆ የአበባ ሳጥን ይሠራል እንጂ የጌኮ ቤት አይሠራም። መጀመሪያ ሙቀት።

ይማም፦ እሺ፣ ሙቀቱን ባጭሩ...

ዘሐራ፦ ባጭሩ አይሆንም፤ ነገሩ ሁሉ እሱ ነው። እንስሳው የመጣው ከፓኪስታን፣ ከአፍጋኒስታንና ከሰሜን ምዕራብ ሕንድ ደረቅ ድንጋያማ አገር ነው። ሰው በረሃ ሲባል የአሸዋ ክምር ይታየዋል፤ የሱ አገር ግን ጠንካራ መሬት፣ የድንጋይ ስንጥቅና አልፎ አልፎ ቁጥቋጦ ያለበት ነው። ቀን ቀን ድንጋይ ሥር ይውላል፣ ሲመሽ ይወጣል። ሙቀቱን የሚያገኘው ፀሐይ ካሞቀችው ድንጋይ ነው። እኛም መሥራት ያለብን ያንን ድንጋይ ነው።

ይማም፦ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት።

ዘሐራ፦ አዎ! ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ክፍሉ ራሱ ከ18 ዲግሪ በታች ይወርዳል። እናንተ ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላችሁ ስለምትኖሩ ብርዱ እንደኛ አይጠናባችሁም።

ይማም፦ ለዚህ ነው እኔ ለኮምቦልቻ የማሞቂያ ምንጣፍ ይበቃል የምለው። ሳጥኑ ሥር ታነጥፈዋለህ፣ አለቀ።

ዘሐራ፦ አላለቀም። ተፈጥሯዊ ቤት ከሆነ ላዩ ላይ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር አፈር አለ። አፈሩ ሙቀቱን አፍኖ ከመስታወቱ ጋር ያስቀረዋል። ከላይ ምንም ሳይሰማ ከታች ይግላል፤ መስታወቱ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ጌኮውም ሙቀት ፍለጋ ቆፍሮ ወርዶ ሆዱን ይቃጠላል።

ይማም፦ በጎን ግድግዳ፣ ከውጭ ብትለጥፊውስ? ለሌሊት ብቻ።

ዘሐራ፦ ለሌሊት፣ በቴርሞስታት፣ ማለትም ሙቀቱን በሚቆጣጠር መሣሪያ፣ ኮምቦልቻ... እሺ፣ እሱን ልቀበል እችላለሁ። ቀን ቀን ግን ሙቀቱ ከላይ ይምጣ። አሁን ቁጥሩን ልስጥ፤ የምታዳምጡ ጻፉት። ለአንድ ትልቅ ጌኮ ሳጥኑ 90 በ45 በ45 ሳንቲ ሜትር ይሁን። መስታወት ቤት 6 ሚሊ ሜትር አስቆርጡ። ሲልከኑ ሻጋታ መከላከያ የሌለበት ይሁን፤ ከተለጠፈ በኋላ ሽታው እስኪጠፋ ቢያንስ ሦስት ቀን ክፍት ይዋል። ከላይ ወንፊት፣ ከፊት ደግሞ ዝቅ ብሎ የአየር ማስገቢያ። አየሩ ከታች ገብቶ ከላይ ካልወጣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ያ የጦሳ ተራራ ጉም ሳጥኑ ውስጥ ይቀራል፤ አፈሩ አይደርቅም፣ ጌኮው ሳንባውን ይታመማል።

ይማም፦ አምፖሉስ?

ዘሐራ፦ ሃሎጅን፣ ከ50 እስከ 75 ዋት፣ በአንደኛው ዳር። ኤልኢዲ አይሆንም፣ እሱ ብርሃን ነው እንጂ ሙቀት የለውም። አምፖሉ የሚገባበት መያዣ የሸክላ ይሁን፤ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ከአምፖሉ ሥር ጥቁር ድንጋይ፣ የኛውን የወሎን ባዛልት፣ ጠፍጣፋውን። ውፍረቱ 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ። በጣም ከሳሳ አምፖሉ እንደጠፋ ይቀዘቅዛል፣ በጣም ከወፈረ ደግሞ ሙቀቱ ወደ ሥሩ አይደርስም። ከድንጋዩ ሥር የመደበቂያ ዋሻ ትተዋለህ። የድንጋዩ ጀርባ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ፣ ዋሻው 30 አካባቢ፣ ሌላው ዳር ከ24 እስከ 26። ሌሊት እስከ 18 ቢወርድ ለጤነኛ ጌኮ አይከፋም።

ይማም፦ ድንጋዩ ደግሞ አፈር ላይ አይቀመጥም።

ዘሐራ፦ በፍጹም! ጌኮ ቆፋሪ ነው። ድንጋዩ አፈር ላይ ከተቀመጠ ሥሩን ቆፍሮ ላዩ ላይ ይንደዋል። መጀመሪያ ድጋፍ ድንጋዮቹን በቀጥታ ሳጥኑ ወለል ላይ፣ ከሥራቸው ስስ ፎም አድርጎ፣ በሲልከን አጣብቆ ማቆም። ከዚያ ጠፍጣፋውን መጫን። አፈሩ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

ይማም፦ የሚለኩበትንም ንገሪያቸው። ብዙ ቤት የኮሮና ጊዜ ግንባር መለኪያ አለ።

ዘሐራ፦ እሱ ለሰው ገላ የተሠራ ነው፣ ለድንጋይ አያገለግልም። ለማሽን የሚሠራበትን የኢንፍራሬድ መለኪያ ፈልጉ። ቴርሞስታቱ ደግሞ ዲመር ያለው፣ ማለትም የአምፖሉን ኃይል ቀስ በቀስ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ፣ ይሁን፤ የሚያበራና የሚያጠፋው ዓይነት ሃሎጅኑን ቶሎ ያቃጥለዋል። የቴርሞስታቱ መለኪያ ገመድ ደግሞ፣ ይህን አስምሩበት፣ ድንጋዩ ላይ በሲልከን ይጣበቅ። ተነቅሎ ቀዝቃዛው ዳር ከወደቀ ቴርሞስታቱ ቤቱ በርዷል ብሎ አምፖሉን ሳያቋርጥ ያነዳል። ጌኮ የሚቃጠልበት አንዱ መንገድ ይሄ ነው።

ይማም፦ ተክሉስ እንግዲህ?

ዘሐራ፦ ቆይ፣ መብራት ሲጠፋስ?

ይማም፦ አይ ዘሐራ! እሺ ቀጥይ፣ እሱ እንኳ የሁላችንም ጥያቄ ነው።

ዘሐራ፦ ድንጋዩ እዚህ ላይ ነው የሚያገለግለው፤ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። መብራቱ ከቆየ ሳጥኑን በጋቢ ሸፍኑ፣ የአየር ማስገቢያውን ሳትደፍኑ። ሃይላንድ ውስጥ ሙቅ ውኃ፣ የፈላ አይደለም፣ ሞልታችሁ በጨርቅ ጠቅልሉና ዋሻው አጠገብ አድርጉት። ከሰል አጠገቡ አታምጡ፤ ጭሱ ለሱም ለእናንተም አደጋ ነው። እጣን የሚጨስበትም ክፍል አይሁን። ዋናው ደግሞ፣ መብራት በሚጠፋበት ሰሞን አታጥግቡት። ገላው ካልሞቀ የበላው አይፈጭም፣ ሆዱ ውስጥ ይበላሻል። ጤነኛ ትልቅ ጌኮ ጭራው ውስጥ ስብ ስላለው ጥቂት ቀን መቆየት አያስጨንቀውም።

ይማም፦ መብራቱ ሲመለስም በኃይል ነው የሚመጣው፣ ቴርሞስታቱን ያቃጥላል። ለፍሪጅ የምንጠቀመው ስታቢላይዘር ለሱም ይሁን።

ዘሐራ፦ ጎሽ! ልክ ነህ።

ይማም፦ አሁን አፈሩን። እኔ 70 እጅ የላይኛ አፈር፣ 30 እጅ አሸዋ ነው የምለው።

ዘሐራ፦ እኔ 60 በ40፣ ለደሴ እርጥበት።

ይማም፦ 40 እጅ አሸዋ ካለው ጉድጓዱ ይናዳል።

ዘሐራ፦ እሱ እንደ አፈሩ ነው። ቀይ አፈር ከሆነ ይይዛል። ብቻ ዋልካ አይሁን፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ካልነካው ቦታ ይወሰድ። አሸዋው የወንዝ ከሆነ፣ ለምሳሌ የቦርከና፣ ውኃው ጥርት ብሎ እስኪወርድ ይታጠብ። ደባልቃችሁ አርጥቡት፣ ጠቅጥቁት፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። ልቅ አሸዋ ብቻውን ግን አይደረግም፤ ከሚበላቸው ነፍሳት ጋር ይውጠዋል፣ በተለይ ገላው ከበረደ አንጀቱ ውስጥ ይቀመጣል።

ይማም፦ እንግዲህ ተክል!

ዘሐራ፦ እንግዲህ ተክል። አንድ ብልሃት ብቻ ልንገራችሁ፦ ተክሉን ከነሸክላ ማሰሮው አፈሩ ውስጥ ቅበሩት። ውኃ የምታጠጡት ማሰሮውን ብቻ ነው፤ የቀረው መሬት ደረቅ ሆኖ ይቆያል። የአየሩ እርጥበት ከ30 እስከ 40 እጅ እንዲሆን ነው የምንፈልገው።

ይማም፦ ትንንሽ እሬት፣ ሃወርዝያ፣ ሳንሰቬሪያ።

ዘሐራ፦ ከቀዝቃዛው ዳር እስከ መሃል። አምፖሉ ሥር ያደረጋችሁት ይጠበሳል። ቁልቋል አይግባ፤ ነጩ ወተቱ ዓይንና አፍ ያቃጥላል። ከችግኝ ጣቢያ የገዛችሁትን ሥሩን አጥባችሁ አፈሩን ቀይሩለት፣ ከሳጥኑ ውጭ አራት ሳምንት ይቆይ፤ መድኃኒት ተረጭቶ ሊሆን ይችላል።

ይማም፦ ሳጥኑን መስኮት ላይ ካስቀመጥነው ተክሉም ፀሐይ ያገኛል፣ ጌኮውም።

ዘሐራ፦ ፀሐይ በመስታወት ስታልፍ ጌኮው የሚፈልገውን ዩቪቢ፣ ገላው ቫይታሚን ዲ የሚሠራበትን ጨረር፣ መስታወቱ ያስቀረዋል፣ ሳጥኑ ግን እንደ ምጣድ ይግላል። መስኮት ላይ አይሆንም። ለተክሉ ኤልኢዲ፣ ለጌኮው 5 ወይም 6 በመቶ የዩቪቢ ቱቦ፣ በቀን 12 ሰዓት። ቱቦው ቢበራም ጨረሩ እየደከመ ስለሚሄድ በዓመት አንዴ ይቀየር።

ይማም፦ ካልሲየም ከቫይታሚን ዲ3 ጋር ለሚሰጥ ሰው ቱቦው ግዴታ አይደለም ግን።

ዘሐራ፦ ያለሱ የኖሩ ብዙ ናቸው፣ አልክድም። እኔ ግን ካገኛችሁ አድርጉለት ነው የምለው። ደግሞ እርጥቡ መደበቂያ! ቀዝቃዛው ዳር ክዳን ያላት ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን፣ 5 ሳንቲ ሜትር መግቢያ፣ ውስጧ የረጠበ ሶፍት፣ በየሁለት ቀኑ የሚቀየር። ቆዳውን ሲገፍ እዚያ ይገባል። እሷ ከሌለች አሮጌው ቆዳ ጣቱ ላይ እንደ ክር ይታሰራል፣ ደም ይዘጋል፣ ጣቱ ይቆረጣል።

ይማም፦ አፈሩን የሚያጸዱትን ነፍሳት ደግሞ ሳንነካ ሰዓታችን አለቀ።

ዘሐራ፦ ለሚቀጥለው። እስከዚያ ሳጥኑ ባዶውን ሁለት ሳምንት ይሥራ። ጧት፣ ቀትር፣ እኩለ ሌሊት እየለካችሁ ጻፉ። ድንጋዩ 35 ካለፈ ዲመሩን ዝቅ አድርጉት፤ 32 ካልሞላ አምፖሉን ወደ 75 ዋት ቀይሩ እንጂ ወደ ድንጋዩ አታስጠጉት። ቁጥሩ ሳይረጋ ጌኮው አይግባ።